የኦክቶፐስ «ጭንቅላት» ውስጥ ምን አለ?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ አንድ የባሕር እንስሳና ስለሚጠራቀምበት መርዝ እናያለን።

ኦክቶፐስን በሥዕል ያላየ የለም መቼም። ስምንት ክንድ፣ ሦስት ልብ አለው። ደሙ ደግሞ ሰማያዊ ነው! በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር መዳብ ስላለበት ነው። የእኛ ብረት ስላለበት ቀይ ሆነ። ስለዚህ መዳብ ለኦክቶፐስ ያስፈልገዋል። ችግሩ ከምግቡ ጋር የማያስፈልገውም ነገር አብሮ መግባቱ ነው። አንዱ ካድሚየም የሚባለው ከባድ ብረት ነው።

ካድሚየም በተፈጥሮ ድንጋይ ውስጥ በጥቂቱ አለ። ማዕድን ሲቆፈርና ፋብሪካ ቆሻሻውን ሲደፋ ግን በወንዝ ታጥቦ በብዛት ባሕር ይገባል። በዓይን አይታይም። ዛጎል ያላቸው ትንንሽ እንስሳት ውኃውን እያጣሩ ሲመገቡ ሰውነታቸው ውስጥ ይቀራል። ሸርጣን ይበላቸዋል፤ ኦክቶፐስ ደግሞ እነሱንም ሸርጣኑንም ይበላል። የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥ ይጠራቀማል።

የት መሰላችሁ? ክንዱ ላይ ትንሽ ነው። ብዙው ያለው የጉበትን ዓይነት ሥራ በሚሠራው የምግብ መፍጫ ዕጢው ውስጥ ነው። ዕጢው ካድሚየሙን ከፕሮቲን ጋር አስሮ ስለሚይዘው ኦክቶፐሱ ቶሎ አይጎዳም። ዕጢው የሚገኘው ደግሞ ሰው «ጭንቅላት» በሚለው ከረጢት ውስጥ ነው። ለካ ጭንቅላት የምንለው ሆዱ ኖሯል! አንጎሉ ያለው በዓይኖቹ መካከል ነው።

ይሄ ነገር በደቡብ ኮሪያ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። እዚያ ናክጂ የሚባለውን ትንሽ ኦክቶፐስ ከነጭንቅላቱ ይበሉታል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሴኡል ከተማ አስተዳደር ጭንቅላቱን አስመርምሮ ካድሚየሙ ከተፈቀደው በኪሎ 2 ሚሊግራም በልጧል፣ ጭንቅላቱን አትብሉ አለ። ገበያው ቀዘቀዘ፤ ዓሣ አጥማጆቹም ተቆጡ። በዚያው ወር የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በተለመደው አበላል ጉዳት የለውም ብሎ አስታወቀ። ሰዉ ማንን ይመን? እኔ እንደገባኝ ልዩነቱ የመጣው ከምርመራው አያያዝ ነው። ሆድ ዕቃው ለብቻው ሲለካ ቁጥሩ ይከብዳል፣ ከሥጋው ጋር ሲታይ ይቀላል። አጥማጆቹ ግን እስኪጣራ ድረስ ከሰሩ።

ኦክቶፐስ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። በሰው ኩላሊት የገባ ካድሚየም ግን ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል፤ ሲበዛም ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ታዲያ በደንብ ቢቀቀልስ? ይሞታል እኮ!» አለኝ። ጀርም መስሎት ነው! ካድሚየም ንጥረ ነገር ስለሆነ እሳት አያጠፋውም። የሚሻለው ከመቀቀሉ በፊት ከረጢቱን ገልብጦ ሆድ ዕቃውን ማውጣት ነው።