ዋና ሳትችሉ የባህር ሆድ ማየት? ከክሩዝ መርከብ ስትወርዱ የትኛው ሽርሽር ይሻላችኋል?

አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖሩ አንድ አንባቢያችን ለዚህ ገጽ ጥያቄ ልከዋል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው የዘንድሮውን እረፍት በክሩዝ፣ ማለትም በመዝናኛ መርከብ ለማሳለፍ ወስነዋል። መርከቧ ከማያሚ ተነስታ በሰባት ቀን ውስጥ ኮዙመል፣ ግራንድ ኬይማን፣ ሮአታንና ቤሊዝ ደርሳ ትመለሳለች። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡት የ66 ዓመት እናታቸውም አብረው ሊሄዱ ነው፤ ደም ብዛት አለባቸው። ባለቤትየው ዋና ይችላሉ፤ “ስኖርክሊንግ ሳላደርግማ ሞቼ ነው ቆሜ!” ብለዋል። ጠያቂያችን ግን ዋና አይችሉም። አለመቻላቸውን ደግሞ ለባለቤታቸው አልነገሯቸውም! በእጮኝነት ጊዜ “ላንጋኖን ከዳር ዳር የማቋርጥ ሰው ነኝ” ብለዋቸው ነበር አሉ። አሁን “ከአራቱ ወደቦች የትኛው ላይ ልግባ? ዋና አለመቻሌስ ችግር ያመጣል ወይ?” ነው ጥያቄያቸው።

ሁለተኛውን እናስቀድም። አዎ፣ ያመጣል። የመጀመሪያው ሥራዎ ሽርሽር መምረጥ ሳይሆን ዛሬ ማታ እራት ላይ ለባለቤትዎ እውነቱን መንገር ነው። ትንሽ ይስቁብዎታል፤ በቃ! ባህር መሃል ላይ ከሚያውቁት እራት ላይ ቢያውቁት አይሻልም? ብዙዎቻችን ያደግነው ከባህር ርቀን ነው፤ ዋና አለመቻል የሚያሳፍር አይደለም። የሚያስፈራው እንደሚችል ሰው ሆኖ ፎርም ላይ መፈረም ነው። ጀልባ ላይ የሚሰጣችሁ ወረቀት “ዋና እችላለሁ” የሚል ቃል ይኖረዋል፤ አስጎብኚውም የሚጠብቃችሁ በፈረማችሁት መሠረት ነው።

ስኖርክሊንግ ለማታውቁት፣ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን ባለመስታወት ጭንብል ይደረጋል፤ ጫፉ ከውሃ በላይ የሚቀር ቱቦ በአፍ ይነከሳል፤ እግር ላይ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ ጎማ ይጠለቃል። ከዚያ በደረት ተንሳፎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ፣ ታች ያለውን ኮራልና ዓሳ ማየት ነው። ኮራል ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለው የባህር ፍጥረት ነው፤ ዓሳው ሁሉ ቤቱን የሚሠራው እሱ ውስጥ ነው። የአየር ጋን መሸከም የለ፣ ጥልቅ መግባት የለ።

ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው? ሃዋይ ውስጥ ብዙ ቱሪስት በስኖርክሊንግ ላይ እያለ ይሞታል፤ ለምን ብለው ያጠኑ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ውጤት የሚገርም ነው። ሁሉም ውሃ ጠጥቶ፣ ተንፈራግጦ አይደለም የሚሞተው። በቱቦ አየር መሳብ ሳንባን ያደክማል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ፣ በተለይ ልቡ ደህና ካልሆነና ኃይል አውጥቶ ከዋኘ፣ ሳንባው ራሱ ፈሳሽ ይቋጥራል። ሰውየው ሳይጮህ፣ እጁን ሳያውለበልብ ዝም ብሎ ይደክማል። ስለዚህ ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ “ትንሽ ልታገስ” አትበሉ። ጭንብሉንና ቱቦውን አውልቁ፣ ውሃው ቁመት የሚያደርስ ከሆነ ቁሙ፣ ካልሆነ በጀርባችሁ ተንሳፈፉና እርዳታ ጥሩ፤ ከዚያ ውጡ። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን አዲስ ዓይነት ጭንብል ደግሞ ለጀማሪ አንመክርም። አንዳንድ አስጎብኚዎችም ይከለክሉታል፤ በችግር ጊዜ እንደ ቱቦው በቀላሉ ተፍቶ የሚወጣ አይደለም።

እናትየው ይሳፈራሉ ወይ?

ጠያቂያችን ያላነሱት፣ እኛን ግን ያሳሰበን ነገር አለ። እናታቸው የመጡት በምን ቪዛ ነው? በጎብኚ ቪዛ ከሆነ መርከቧ አሜሪካን ለቃ ስትመለስ እሳቸው እንደ አዲስ ነው የሚገቡት። ቪዛው ላይ የመግቢያው ብዛት ተጽፏል። “ኤም” የሚል ፊደል ካለ ብዙ ጊዜ መግባት ይቻላል፤ ቁጥር 1 ከሆነ ግን አንዴ ሲገቡ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ወደ ሦስት ወርና ወደ አንድ ጊዜ መግቢያ ዝቅ ማድረጓ ይታወቃል። ስለዚህ ትኬት ሳይቆረጥ ፓስፖርቱን አውጥቶ ማየት ነው! አንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ እናታችን መርከብ ላይ አይወጡም፤ ሌላ መዝናኛ ይፈለግላቸው። ግሪን ካርድ ካላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ቢሆንም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወደየወደቡ አገር ለመውረድ ምን እንደሚያስፈልግ ከመርከቡ ድርጅት አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ወደቦቹ እንሂድ።

ሁሉም “የእኛ ይበልጣል” ይላሉ፤ ፎቶግራፉም ሁሉም ጋ ሰማያዊ ነው። እኛ ግን የምንለው፣ ከውበቱ በፊት ውሃው ውስጥ እንዴት እንደምትገቡ ጠይቁ። በእግራችሁ እየሄዳችሁ ከአሸዋ ላይ ነው? ወይስ ከጀልባ ዘላችሁ ጥልቅ ውሃ ውስጥ? ለጀማሪ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ኮዙመል የሜክሲኮ ደሴት ነች። ከሜክሲኮ ተነስቶ በቤሊዝና በጓቲማላ አድርጎ ሆንዱራስ የሚደርሰው፣ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኮራል አጥር በአጠገቧ ያልፋል። የደቡብ ምዕራብ ዳርቻዋ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብሔራዊ የባህር ፓርክ ነው። ፓላንካርና ኮሎምቢያ የሚባሉት ኮራሎች ዝናቸው የተነገረላቸው ናቸው፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ታች ያለው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ግን አስተውሉ፤ እዚያ ውሃው ዝም ብሎ አይቆምም፣ እንደ ወንዝ ይሄዳል። ሥርዓቱም ጀልባዋ አንድ ቦታ ታወርዳችኋለች፣ ውሃው ይወስዳችኋል፣ ጀልባዋ ተከትላ ወደፊት ትለቅማችኋለች። ዋና ለሚችል ይህ ገነት ነው፤ ሳይለፉ ፊልም እንደማየት ነው። ዋና ለማይችል ግን የሚይዘው ነገር የለም፣ መቆሚያም የለም። የጠያቂያችን ባለቤት ከአስጎብኚ ጋር እዚህ ይግቡ፤ ለሳቸው የተሠራ ነው። ብዙ ጀልባዎች መጨረሻ ላይ ኤል ሲዬሎ ወደሚባል ወገብ ወደሚያደርስ ነጭ አሸዋ ይወስዳሉ፤ ታች ኮከብ ዓሳ ተዘርግቶ ይታያል። ለፎቶ ብላችሁ ከውሃ አታውጡት፤ ይሞታል።

ግራንድ ኬይማን ላይ መርከቧ መልህቋን ባህር ላይ ትጥልና ሰው በትንንሽ ጀልባ ወደ ጆርጅታውን ይመላለሳል። ባህሩ ከተቆጣ ካፒቴኑ ወደቡን ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። የደሴቷ ዝነኛ ሽርሽር ስቲንግሬይ ሲቲ ነው። ስቲንግሬይ ማለት እንደ ሰፌድ የተነጠፈ፣ ጭራው ላይ መርዛም እሾህ ያለው ዓሳ ነው። ድሮ ዓሳ አጥማጆች ያጠመዱትን እዚያ እያጸዱ ትርፍራፊውን ይጥሉ ስለነበር ስቲንግሬዮቹ ለምደው ቀሩ። አሁን ቱሪስት መሃላቸው ይቆማል። የአሸዋው ቦታ ጥልቀት አንድ ሜትር ገደማ ነው። እንዴ፣ አይናደፍም ወይ? አውስትራሊያዊው የእንስሳት ፊልም ሰሪ ስቲቭ ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ2006 የሞተው በስቲንግሬይ ተወግቶ ነው፤ ነገር ግን ያ የሆነው ሌላ አገር፣ ሰው ካልለመደ ዓሳ ጋር ነው። እዚህ ያሉት ሰው የለመዱ ናቸው፤ ቢሆንም የዱር ፍጥረት ናቸው። ደንቡ እግርን ሳያነሱ አሸዋው ላይ እየጎተቱ መሄድ ነው፤ እንዳትረግጡት።

እውነቱን ለመናገር ይህ ስኖርክሊንግ አይደለም፤ ታች ያለው አሸዋ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጀልባዎች አጠገቡ ያለ ኮራል ላይም ጨምረው የሚያቆሙት። ዋና ለማይችለው ጠያቂያችን ግን ላይፍ ጃኬት አጥልቀው፣ ቆመው፣ ፊታቸውን ብቻ ነክረው የሚያዩበት ጥሩ ቦታ ነው።

ሮአታን የሆንዱራስ ደሴት ነች። እኛን ብትጠይቁን ለዚህ ቤተሰብ ከአራቱ አንደኛዋ እሷ ነች። ምክንያቱ ዌስት ቤይ የሚባለው የባህር ዳርቻ ነው። አሸዋው ላይ ወንበር ተከራይታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ኮራሉ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ይጀምራል። ከጀልባ መዝለል የለም፤ በእግር ገብቶ፣ ጉልበት ጋ ቆሞ ጭንብሉን ሞክሮ፣ ደረት ጋ ደርሶ እንደገና ሞክሮ፣ ሲያሻ ተመልሶ መውጣት ነው። ባለቤትየው ኮራሉ ድረስ ይዋኛሉ፣ ጠያቂያችን እግራቸው መሬት ከሚነካበት አያልፉም፣ እናትየው ጥላ ሥር ሆነው ሁለቱንም ያያሉ። የእናትየው ደም ብዛትና ቱቦ አብሮ አይሄድም፤ ሐኪማቸው ካልፈቀደ ጭንብል አይሞክሩ። እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቢቀመጡ ምን ይጎድላቸዋል?

ቤሊዝን በአጭሩ እንለፋት። የኮራል አጥሯ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ሆል ቻን የሚባለው ጥብቅ ቦታዋም በ1987 ነው የተከለለው። ችግሩ ርቀቱ ነው። ባህሩ ዳር ዳሩ ጥልቀት ስለሌለው መርከቦች ርቀው ይቆማሉ፤ መጀመሪያ በትንሽ ጀልባ ወደ ከተማ፣ ከዚያ ሆል ቻን ወዳለበት ሳን ፔድሮ በጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ። ቀኑ ጀልባ ላይ አለቀ ማለት ነው! የግድ ካላችሁ ጎፍስ ኬይ የምትባለው ትንሽ ደሴት ትቀርባለች። ታላቁ ሰማያዊ ጉድጓድ የሚባለውን በፎቶ አይታችሁ ከሆነ እርሱት፤ ከ120 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነው፣ ውበቱም የሚታየው ከአውሮፕላን ነው።

የሰዓት ጉድ

ሽርሽሩን ከመርከቡ ትገዛላችሁ ወይስ ወደብ ላይ ካለው ሰው? የመርከቡ ይወደዳል፣ ሰውም ይበዛበታል። ግን መርከቡ በሸጠላችሁ ሽርሽር ላይ ብትዘገዩ ወይ ይጠብቃችኋል ወይ በራሱ ኪሳራ ያደርሳችኋል። በራሳችሁ ከሄዳችሁና ከዘገያችሁ መርከቧ ትሄዳለች፤ ሰዎች ወደቡ ላይ ሻንጣቸው መርከብ ውስጥ ሆኖ በሩጫ ሲመጡና ተሳፋሪው ከላይ ሆኖ ሲያጨበጭብላቸው የሚያሳይ ፊልም ሞልቷል። ወደቡ ከተዘለለም መርከቡ የሸጠላችሁን ገንዘብ ይመልሳል፤ ከውጭ የገዛችሁት ግን እንደ ሻጩ ጠባይ ነው። የእኛ አስተያየት፣ በጀልባ ርቃችሁ ለምትሄዱበት የመርከቡን ግዙ፤ ዌስት ቤይን ለመሰለ የባህር ዳርቻ ግን ታክሲ ተስማምቶ መሄድ ይቻላል፣ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መመለስ እስካልተረሳ ድረስ።

ሰዓቱ ራሱ ያሳስታል። ኮዙመል ያለችበት ግዛት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰዓቱን አይቀያይርም፤ በክረምት ከማያሚ ጋር እኩል ነው፣ በበጋ ግን አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። (ክረምትና በጋ ያልነው የአሜሪካኑን ነው፤ የእኛን ሐምሌ እነሱ በጋ ይሉታል።) ሮአታን ደግሞ በበጋ ሁለት ሰዓት ትዘገያለች። መርከቧ በማያሚ ሰዓት ብትቆይ፣ ስልካችሁ ግን ራሱን በደሴቷ ሰዓት ቢያስተካክል፣ “ገና ነው” ስትሉ ነው የምትቀሩት። በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ሲጨመር! እናትየው “10 ሰዓት ተኩል ተመለሱ” ሲባል የገባቸው በእኛው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን 4፡30 ነው። አንድ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሙሉና ማንም አይንካው።

የሽርሽሩን ወረቀት ስታነቡ ደግሞ “4 ሰዓት” የሚለው ከአውቶቡሱና ከጀልባው ጋር ተደምሮ ነው። ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ላይፍ ጃኬት እንደሚሰጥና አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠይቁ። “እሱን እዚያው ታያላችሁ” የሚላችሁን ተውት።

ለመዘጋጀት ጊዜ ካለ ጠያቂያችን አሁኑኑ ሠፈራቸው ባለ የሕዝብ መዋኛ ለአዋቂ የሚሰጥ ትምህርት ይመዝገቡ። በጥቂት ሳምንት ዋናተኛ አይሆኑም፤ በጀርባ መንሳፈፍና ፊትን ነክሮ መተንፈስ ግን ይለምዳሉ። ጭንብሉንም ራሳቸው ገዝተው እዚያው ይሞክሩት። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ ለጥፎ በአፍንጫ አየር መሳብ ነው፤ ከተጣበቀ ልክ ነው፣ ከወደቀ ሌላ ይሞክሩ። ጢም ያለው ሰው ከላይኛው ከንፈር ላይ ውሃ ይገባበታል። ሹሩባ የተሠራችም ጠርዙ ሥር ጸጉር እንዳይገባ ወደኋላ ታሲዘው። መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ውስጡን ምራቅ ቀብቶ ማለቅለቅ ነው፤ የነጋዴው መድኃኒት ከሱ ብዙም አይበልጥም።

የኮራሉን ነገር አስቀድመን ብንነግራችሁ ይሻላል፤ የድሮ ፎቶ አይታችሁ እንዳትናደዱ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፍሎሪዳ ላይ የታየ የኮራል በሽታ በ2018 ኮዙመል ደርሷል፤ በ2023 ደግሞ የካሪቢያን ባህር ከልክ በላይ ሞቆ ብዙ ኮራል ነጥቷል። ዓሳው፣ ኤሊው፣ ስቲንግሬዩ አለ፤ ኮራሉ ግን ቦታ ቦታው ላይ ግራጫ ነው። አትቁሙበት፣ አትንኩት፤ እናንተንም ይቆርጣል። የፀሐይ ቅባት በብዛት ተቀብቶ ከመግባት እጀ ረጅም የዋና ሸሚዝ ይሻላል። ቅባቱ ታጥቦ ባህሩ ውስጥ ይቀራል፤ ሸሚዙ ግን ፊታችሁን ደፍታችሁ ስትንሳፈፉ ፀሐይ የሚያቃጥለውን ጀርባ ይከልላል። ሰኔና ኅዳር መካከል የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ነውና መርከቧ መንገድ ልትቀይር እንደምትችል አውቃችሁ ሂዱ።