የአባት ማዕረግ፣ የልጅ ወንበር

በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሪታኒያ የሎርዶች ምክር ቤት በሞት በተለዩ አንድ አባል ምትክ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ሰባት ዕጩዎች ተወዳደሩ፤ መራጮቹ ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። ሦስቱም ድምፃቸውን ለቫይካውንት ቱርሶ ሰጡ። ሰውየው ከዓመት በፊት በታችኛው ምክር ቤት የነበራቸውን ወንበር በምርጫ ተሸንፈው አጥተዋል። ሕዝብ የጣላቸውን ሦስት ሰዎች አነሷቸው ማለት ነው። ለዚህ ውድድር ለመቅረብ በዘር የተወረሰ የመኳንንት ማዕረግ ያስፈልግ ነበር።

የሚገርመው፣ ከእነዚህ ማዕረጎች አንጋፋው ኧርልነት ሲጀመር ሹመት እንጂ ርስት አልነበረም። ከዴንማርክ የመጣው ንጉሥ ክኑት በ1017 እንግሊዝን በአራት ከፍሎ ዌሴክስን ለራሱ ያዘ፤ ሦስቱን ለሹማምንቱ አደለ። መርሲያ የደረሰው ኤድሪክ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በንጉሡ ትእዛዝ ተገደለ። ሹመቱ ያን ያህል የሚነጠቅ ነበር። ኧርሉ ግዛቱን ይጠብቃል፣ ጦር ይመራል፣ በችሎት ከሚገኘው ገቢም ሲሶውን ይወስዳል። እየቆየ ግን ልጅ አባቱን መተካት ለመደ። ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በኋላ የአውራጃው ሥራ ወደ ንጉሡ ሹም ዞረና ለኧርሉ ቤተሰብ መሬቱ፣ ስሙና ክብሩ ቀሩለት። በኋላም ፓርላማ ሲመጣ ወንበሩ ከማዕረጉ ጋር ተጣበቀ።

ትልቁ ፍልሚያ የተነሣው በ1909 ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ መሬት ላይ ግብር የሚጥል በጀት አቀረቡ፤ ሎርዶቹ ጣሉት። በ1911 የወጣው ሕግ በጀት የመጣል ሥልጣናቸውን ነጠቀ፤ በመግቢያውም በዘር ውርስ ፈንታ በሕዝብ ላይ የቆመ ምክር ቤት እንደሚመጣ ቃል ገባ። ያ ምክር ቤት ግን አልመጣም። ይባስ ብሎ ሎይድ ጆርጅ ራሳቸው በ1945 ኧርል ተባሉ። የሌበር ፓርቲው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊም በ1955 ኧርል ሆኑ፤ የልጅ ልጃቸው ማዕረጉን ወርሰው በሎርዶቹ ምክር ቤት የተቀመጡት ከወግ አጥባቂዎቹ ጎን ነው!

ማዕረግ ዕዳ የሆነበትም አለ። የታችኛው ምክር ቤት አባል የነበሩት ቶኒ ቤን አባታቸው በ1960 ሲሞቱ ቫይካውንትነቱ ሳይወዱ ወረደባቸው፤ ያኔ ሎርድ በታችኛው ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም ነበር። የብሪስቶል መራጮች በ1961 ደግመው ቢመርጧቸውም ፍርድ ቤት ወንበሩን ለተሸናፊው ሰጠ። ትግላቸው ማዕረግን መተው የሚፈቅደውን የ1963 ሕግ አስገኘ። በዚያው ዓመት ወግ አጥባቂው ኧርል ኦፍ ሆምም የሕጉ ተጠቃሚ ሆኑ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ በቀናት ውስጥ ኧርልነታቸውን ጣሉ።

በ1999 የብሌር መንግሥት ከ600 በላይ ወራሾችን አሰናበተ፤ ለድርድር ሲባል 92 ቀሩ። ጊዜያዊ የተባለው ይህ መላ ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቀ፤ ከ92ቱ አንዱ ሲሞት ምትኩ በምርጫ ይገባ ስለነበር የሦስቱ መራጮች ምርጫም የመጣው ከዚሁ ነው። የስታርመር መንግሥት በ2024 ቀሪዎቹንም የሚያስወጣ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ተቃዋሚዎቹ ወራሾቹ ማንንም ደጅ ስላልጠኑ ነፃ ናቸው፣ በምትካቸው የሚገቡት ግን የጠቅላይ ሚኒስትር ወዳጆች ናቸው ይሉ ነበር። ሁለተኛው ነጥብ እውነት አለው፤ የመጀመሪያው ግን ወንበርን ከአባት መቀበልን አያጸድቅም። ደግሞም ረቂቁ የነካው ወንበሩን እንጂ ማዕረጉን አይደለም። ኧርሉ ኧርል ሆኖ ይቀጥላል፤ አብዛኛው ማዕረግም ለወንድ ብቻ ስለሚተላለፍ የመጀመሪያ ልጁ ሴት ብትሆን እንኳ ታናሽ ወንድሟ ይወርሳል።