ስለ ቻርልስ ፎክስ ፓርሃምና ስለ ትምህርት ቤቶቹ

ብዙ ሰዎች የጰንጠቆስጤ እንቅስቃሴ የተጀመረው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው ይላሉ። ነገር ግን ነገሩን ከምንጩ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የአንድ መምህርንና የሁለት ትናንሽ ትምህርት ቤቶችን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዘመኑ ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቻርልስ ፎክስ ፓርሃም በ1873 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በአዮዋ ግዛት ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሕመም ያሠቃየው ስለ ነበረ ስለ መለኮታዊ ፈውስ አጥብቆ ያስብ ነበር። ለጥቂት ጊዜ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ካገለገለ በኋላ ተለይቶ ለብቻው መስበክ ጀመረ። በ1898 በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ የፈውስ ቤት ከፈተ፤ በ1900 ደግሞ በዚያው ከተማ ቤቴል የተባለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አቋቋመ።

በዚህ ትምህርት ቤት 40 ያህል ተማሪዎች ነበሩ። የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ የመማሪያውም መጽሐፍ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበር። መምህሩ ጥያቄ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹም መልሱን ከመጽሐፉ ይፈልጋሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፥ ሰው በመንፈስ ቅዱስ መጠመቁ በምን ይታወቃል? የሚል ነበር። ተማሪዎቹም የሐዋርያትን ሥራ መርምረው፥ ምልክቱ በልሳን መናገር ነው አሉ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1901 አግነስ ኦዝማን የተባለችው ተማሪ እጅ ተጭኖባት ከተጸለየላት በኋላ በልሳን እንደ ተናገረች ተመሰከረ።

ፓርሃም ይህ ልሳን የሕዝቦች ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ሚስዮናውያን ቋንቋ ሳይማሩ በየአገሩ ሊሰብኩ ይችላሉ ብሎ አስተማረ። ይሁን እንጂ ይህን ተስፋ ይዘው ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሄዱት ሰዎች ሕዝቡ ንግግራቸውን እንዳልተረዳው አዩ።

በ1906 መጀመሪያ በቴክሳስ ግዛት፥ በሂዩስተን ከተማ ሌላ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፥ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደው ዊልያም ሲሞር ለመማር መጣ። በዚያ አገር ጥቍሮችና ነጮች አብረው እንዳይማሩ ተከልክሎ ነበር። ፓርሃም ሲሞርን አላባረረውም፤ ከነጮቹ ጋራም አላስቀመጠውም። ሲሞር ከክፍሉ ውጭ ተቀምጦ በተከፈተው በር በኩል ትምህርቱን ያደምጥ ነበር።

ሲሞር በዚያው ዓመት ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በአዙሳ መንገድ በጀመረው ጸሎት ጥቍሩም፥ ነጩም፥ ሜክሲኮአዊውም አንድ ላይ ተንበረከከ። ፓርሃም በኦክቶበር 1906 መጥቶ ይህን ባየ ጊዜ ነቀፈው፤ ተለያዩም። እንቅስቃሴው ግን ከአዙሳ ወጥቶ ወደ ኖርዌይና ወደ ስዊድን፥ በኋላም በስካንዲናቪያ ሚስዮናውያን በኩል ወደ አገራችን ደረሰ። ሲሞር በ1922፥ ፓርሃም ደግሞ በ1929 ዐረፉ።

ስለ ልሳን ያለው ክርክር ለነገረ መለኮት ሊቃውንት ይቆይ። እኛ ተማሪዎች ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንረዳለን። መምህሩ ሊያስተምር የሚችለውን ለሲሞር አስተማረው፤ ወንበር ግን ነፈገው። ተማሪው ትምህርቱን ተቀበለ፤ በሩን ግን እንደ መምህሩ ለማንም አልለየም። ዛሬ በክፍል ውስጥ የተቀመጥን ሁላችን፥ ከበሩ ውጭ ማን ቀርቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።