መምህሩ ለምን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከመስጂድ ወደ ትምህርት ቤት ይወስደናል። ከአዲስ ዓለም ሰፈር ጀምሮ እስከ ዳባትና ደባርቅ ድረስ ልጆቻቸውን አንደኛ ደረጃ የሚያስተምሩ ወላጆች አንድ ቅሬታ ደጋግመው ያሰሙናል። «ልጄን ዛሬ ምን ተማርክ ስለው፣ መምህራችን ታሪክ አነበበልን ይለኛል። እኔ የላክሁት እንዲያነብ ነው እንጂ እንዲነበብለት ነው ወይ?» ይላሉ። የልጁ ነገር የሚያሳስበው ወላጅ ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚጠብቁት አይደለም።

በ2002 ዓ.ም. የእኛን የአማራን ክልል ጨምሮ በስምንት ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሩበት ቋንቋ ምን ያህል እንደሚያነቡ ተፈትሾ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ3ኛ ክፍልም ከመቶ 20ዎቹ እንዲሁ ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ቁጥር ነው። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላው ነው፤ ከ2ኛ ክፍሎቹ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት ውስጥ አንዱንም ጥያቄ ያልመለሱት ከመቶ 48 ነበሩ። እንግዲህ 34ቱን ከ48ቱ ቀንሱ። ቃል ማንበብ ጀምረው፣ ያነበቡት ግን ምንም ያልገባቸው ልጆች ከመቶ 14 ያህል ነበሩ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ «ማንበብ ችሏል» የሚባሉ ናቸው። ፊደሉን ይጠሩታል፣ አባት ደስ ይለዋል፣ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ በተዘጋጁ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት መምህሩ የሚያነበውና ተማሪው የሚያዳምጠው ምንባብ ቦታ ተሰጥቶታል። ምንባቡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ስለሆነ፣ ወላጅ የልጁን መጽሐፍ ሲያገላብጥ አያየውም። መምህሩ ከትምህርቱ የወጣ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ጮክ ብሎ ማንበቡ ምን ይጠቅማል? ስለ አማርኛ ጽሑፍ አንድ ነገር እናስተውል። ልጅ ሀ ሁ ብሎ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው ቆጥሮ ቢጨርስ 231 ሆሄ ያውቃል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና አማርኛችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን በጽሑፍ አያሳይም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የበላይ የሆነው ነው። «ልጁ ይመታል» የሚለውን አላልታችሁ ብታነቡት ልጁ መቺ ነው፣ አጥብቃችሁ ብታነቡት ተመቺ ነው። «ዑመር ቤት አለ» ሲባል ዑመር ቤት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው ወይስ «ቤት» ብሎ ተናገረ? ፊደሉ አይነግረንም። የሚነግረን የዓረፍተ ነገሩ አካሄድና ከዚህ በፊት የሰማነው ንባብ ነው። በደንብ የሚያነብ ሰው ሰምቶ የማያውቅ ልጅ «ይ-መ-ታ-ል» ብሎ በየሆሄው ይቆማል፤ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅም ያልፋል።

ይህን ነገር እኛ ሙስሊሞች በቀላሉ ልንረዳው ይገባ ነበር። በዐረብኛው ሸዳ የሚባል ምልክት አለ፣ ፊደሉ መጥበቁን ያሳያል። ምልክቱ እያለም እንኳ ቁርኣንን ከወረቀት ብቻ የተማረ ሰው የለም፤ ኡስታዙ ያነባል፣ ደረሳው ይሰማል፣ ከዚያ ይከተላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣን የወረደው በርሳቸው ላይ ሆኖ ሳለ ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ.) እንዲያነብላቸው እንደጠየቁት፣ ከሌላ ሰው መስማት እንደሚወዱም እንደነገሩት በቡኻሪ ተዘግቧል። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖችም በጎንደር የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች የኔታ ያነባሉ፣ ልጁ ይከተላል፤ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያልፋል። ኡስታዙ ሲያነብ «ጊዜ ያባክናል» ያለ ወላጅ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁርኣን ስናስተምር ልጁ ቃሉን ሳያዛንፍ እንዲይዝ እንፈልጋለን፤ ስለዚህ ያስደግሙታል። የአማርኛ ታሪክ ሲነበብ ግን የሚፈለገው መረዳት ነው። አንዳንድ መምህራን፣ በመድረሳዎቻችን ያሉትም ጭምር፣ ታሪኩን በየመስመሩ እያቆሙ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ያስደግማሉ። ክፍሉ ይጮኻል፣ ከውጭ ለሚሰማ ሰው ትምህርት የጋለ ይመስላል። ነገር ግን ግማሾቹ የሚደግሙት የጓደኛቸውን ድምፅ ነው፤ ታሪኩም ተቆራርጦ የት እንደደረሰ ይጠፋል።

ታዲያ እንዴት ይሁን? በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መምህሩ ምንባቡን ቀደም ብሎ ለራሱ ያነበዋል፣ የሚጠብቁትን ቃላት በእርሳስ ምልክት ያደርግባቸዋል። ለምሳሌ ታሪኩ የጃናሞራ ገበሬ የገብስ ማሳውን ከጭላዳ እንዴት እንደጠበቀ የሚናገር ይሁን። የደባርቅ ልጅ ጭላዳን ያውቃል፤ የከተማው ልጅ ላያውቅ ስለሚችል መምህሩ ከማንበቡ በፊት በሁለት ቃል ያስረዳል። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ሳይሆን በወንበሮቹ መሐል እየተዘዋወረ፣ የኋላዎቹም እንዲሰሙት ያነባል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም ብሎ «አሁን ገበሬው ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ይላቸዋል። ስልሳ ልጅ በየተራ ሊመልስ አይችልም፤ እያንዳንዱ አጠገቡ ለተቀመጠው ይንገር፣ ከዚያ ሁለት ሦስቱ ለሁሉም ይናገሩ። ሲጨርስ «ለምን» የሚል ጥያቄ ይጠይቃል። «ገበሬው ማን ይባላል» የሚለውን ያልተረዳም ይመልሰዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ታሪኩ እንዳለቀ መጽሐፉ ተዘግቶ ወደ ሌላ የፊደል ትምህርት ከተሄደ ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። መምህሩ «ጭላዳ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ይጻፈው፣ ጭ፣ ላ፣ ዳ ብሎ ይበትነው፣ ልጆቹ በ«ጭ» የሚጀምር ሌላ ቃል ይፈልጉ። «ገብስ» የሚለውም እንዲሁ። በማግሥቱ ያንኑ ታሪክ ይድገመው። ልጅ የሚያውቀውን ታሪክ ሲሰማ አይሰለችም፤ ይልቁንም አንዲት ቃል ብትዘለልበት ያርማል። በሦስተኛው ቀን ከታሪኩ የተወሰዱ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ልጆቹ ራሳቸው ያንብቧቸው። ትርጉሙን አስቀድመው ስለያዙት ዓይናቸውና ጆሯቸው ይደጋገፋሉ።

ቅሬታ ያቀረቡት ወላጆች ትክክል የሚሆኑበት ጊዜም አለ። መምህሩ አርባውን ደቂቃ ሙሉ ካነበበና ልጁ አንድም መስመር ሳያነብ ከወጣ ጥፋት ነው። ስለዚህ ልጃችሁን «ተነበበላችሁ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁት። «የተነበበላችሁን ንገረኝ» በሉት፣ ቀጥሎም «አንተስ የትኛውን አነበብክ?»።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ፊደል ጀምረው ያቋረጡ፣ በዕድሜ አድገው አንደኛ ክፍል የተመለሱ ልጆች አሉን። ለእነዚህ ቤት ውስጥ የሚነበብላቸው ሰው መኖር አለበት። አባት ባያነብ፣ እናት ባታነብ፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች እህት ትኖራለች። በደጋው ማታ ምድጃ ዙሪያ ሲሞቅ፣ ወይም ቡና ሲፈላ፣ የነብያትን ታሪክ በአማርኛ ከተጻፈ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ ታንብብ። እናት ፊደል ባትቆጥርም «ከዚያስ? ለምን እንዲያ አደረገ?» ማለት ትችላለች፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ከሌለ ተረት ይነገር። ልጁ ያንን ረጅም ወሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል ከለመደ ለንባቡም ይረዳዋል።

የመጻሕፍቱ ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። የተረት መጻሕፍት በልግስና የተሰጡት አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። መጻሕፍቱ በቁምሳጥን ተቆልፈው፣ አቧራ ለብሰው አገኘናቸው። ልጆች እንዳይቀዷቸው ነው ተባልን። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ስንጠይቅ የያዘው ሰው ለሥራ ከተማ ሄዷል ተባለ። የወላጅ መምህር ኅብረት አባል የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ አጥሩና ስለ መዋጮው ከመነጋገራችሁ በፊት፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉት ልጆች ስንት የታሪክ መጽሐፍ እንዳለና ቁልፉን ማን እንደያዘው ጠይቁልን።