ሥራህ ምንድን ነው? ቀድሞስ ምን ነበር?

ብዙ የደጋ ገበሬዎች የራሳቸውን ዘር እንደ ዘሩ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርደው የሰሊጥ አራሚና አጫጅ ይሆናሉ። በአንድ ዓመት ሁለት ሥራ መያዝ ትጋት እንጂ ነውር አይደለም። ዳሩ ግን ሥራ ሲለወጥ የሚያሰጋው በሽታም እንደሚለወጥ ብዙዎች ይዘነጋሉ።

በቆላው የዋልካ መሬት ንቃቃትና በግራር አካባቢ የምትገኘው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ያነሰች፣ ስትበርም ድምፅ የማታሰማ ናት። ከምሽት እስከ ንጋት እየነከሰች ካላ አዛር የተባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ይህም በሽታ ትኩሳትን ያመጣል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ነገሩን የሚያከብደው በሽታው ቶሎ አለመገለጡ ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያልና፣ ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ገብቶ እንደ ቀድሞው ገበሬ ከሆነ በኋላ ይነሣበታል። ሐኪሙ ሥራውን ሲጠይቀው «ገበሬ ነኝ» ይላል። አልዋሸም፤ ነገር ግን ለምርመራው የሚረዳውን ቃል አስቀርቶታል። በዚህም የተነሣ ወባ ነው እየተባለ የሚሰነብት አለ።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ከተነሣው የካላ አዛር ወረርሽኝ በስተ ጀርባ ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይኖሩ እንዳልቀረ ይታመናል።

እንግዲህ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ያለፈበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ባለፈው ክረምት የት፣ ምን ሲሠራ እንደ ነበረ ሳይጠየቅም ይናገር። ከጣቱ በሚወሰድ ጥቂት ደም ምርመራው ይጀመራል። ወደ ቆላ የሚወርደውም መድኃኒት የተነከረ አጎበር ከስንቁ ጋር ይያዝ፤ ሌሊትም ከግራር ሥር አይተኛ።