አስተማሪዎችን ያስተማረ ጋዜጠኛ

እስቲ የዶሚንጎ ሳርሚየንቶን ነገር ልንገርህ። አገሩ አርጀንቲና ነው፤ ከባሕር ማዶ፣ በደቡብ አሜሪካ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1811 ከድሃ ቤት ተወለደ። ሱቅ ውስጥ ሠራ፤ ልጆች አስተማረ፤ ወደ ጎረቤት አገር ወደ ቺሊ ተሰዶም ማዕድን ማውጫ ገባ። ኋላ እዚያው ቺሊ ጋዜጠኛ ሆነ።

ዳሩ ግን ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጋዜጣ ምን ይረባዋል? ትምህርት ቤትስ ያለ አስተማሪ በሬ የሌለው ቀንበር አይደል? በ1842 ሳንቲያጎ ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲከፈት የመራው እሱ ነበር። በ1845 «ፋኩንዶ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ከ1868 እስከ 1874 የአገሩ ፕሬዚዳንት ሲሆንም ብዙ ትምህርት ቤቶች አስከፈተ።

ጉድለትም ነበረበት፤ የገጠሩን ሰው ኋላ ቀር እያለ ይንቅ ነበር። ትምህርቱን እንውሰድ፤ ንቀቱን እንተው። አንተም ፊደል ያልቆጠረ ጎረቤትህን አትናቀው፤ አስተምረው።