የጠርሙስ ቋንቋ፦ የብቅል መጠጥ፣ ብርቱ ቢራና ስም የለሹ ጠርሙስ

በምሥራቃዊ ሪያድ በነሲም ሰፈር በሚገኙ በቃላዎች ከውሃውና ከለስላሳው ጎን አንገታቸው ረዘም ያለ ቡናማና አረንጓዴ ጠርሙሶች ተደርድረው ይታያሉ። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሠራተኛ ቅርጻቸውን ተመልክቶ «ይህስ ቢራ አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ነገሩን ይበልጥ የሚያደናግረው የአገሩ ሰው ራሱ በዕለት ተዕለት ንግግሩ እነዚህን መጠጦች «ቢራ» ብሎ መጥራቱ ነው። ሙሲ፣ ባርቢካንና ሆልስተን በሚሉ ስሞች የሚሸጡት እነዚህ ምርቶች ግን አልኮል የሌላቸው የብቅል መጠጦች ናቸው። በሳዑዲ ዓረቢያ አልኮል እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተከለከለ እንደመሆኑ በሕጋዊ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ጠርሙስ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይገባውም። ጥንቃቄ የሚያሻው ከሱቁ ውጭ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው፣ ስምም መለያም የሌለው ጠርሙስ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ጠርሙስ በራሱ ምን እንደሚናገር ማወቅ ይጠቅማል።

የብቅል መጠጥና ቢራ የሚመሳሰሉት አነሳሳቸው አንድ በመሆኑ ነው። ገብስ ተነክሮ ይበቅላል፤ ብቅሉ ደርቆ ከተፈጨ በኋላ በሙቅ ውሃ ይጠመቃል፤ ከዚያም ሆፕ ከተባለው፣ በእኛ ዘንድ ጌሾ የሚይዘውን ቦታ ከሚይዘው መራራ አበባ ጋር ይፈላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለቢራ እርሾ ተጨምሮ ስኳሩ ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለወጣል። የብቅል መጠጥ ግን ወይ ጭራሹን አይብላላም፣ ወይም ከተብላላ በኋላ አልኮሉ ተለይቶ ይወጣለታል። ሁለቱም ጋዝ ያላቸው በመሆናቸው ግፊት የሚችል ዕቃ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ሆፕ ካለባቸው ብርሃን ያበላሻቸዋል። የፀሐይ ብርሃን የሆፕን ንጥረ ነገር ሲያገኘው ደስ የማይል ጠረን ያለው ውሕድ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን ብርሃን በሚገባ ይከላከላል፤ አረንጓዴው ግን እምብዛም አይከላከልም። ስለዚህ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አረንጓዴ ጠርሙስ ቢሸት የተጭበረበረ ነው ማለት አይደለም፤ አቀማመጡ ጎድቶታል ማለት ነው።

ስለ መጠኑ ስናነሳ፣ በአውሮፓ የተለመደው የቢራ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ በአገራችንም ከሳጥኑ 24 ሆኖ የሚወጣው ጠርሙስ ይኸው መጠን ነው። በአሜሪካ ደግሞ 355 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ቁጥር እንግዳ የሚመስለው አሜሪካውያን በኦውንስ ስለሚለኩና 12 ኦውንስ በእኛ መለኪያ ከዚያ ላይ ስለሚያርፍ ነው። በሪያድ ሱቆች የሚገኙት የብቅል መጠጦችም የአውሮፓውን 330 የወረሱ ናቸው።

በሌላው ዓለም በአነስተኛ ጠማቂዎች የሚዘጋጁት ብርቱ ቢራዎች ግን ከዚህ መደበኛ መጠን ወጣ ያሉ ናቸው። ተራ ቢራ ከመቶ 5 ገደማ አልኮል ሲኖረው፣ እነዚህ ከመቶ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 12 ይደርሳሉ። እንግሊዞች በጥንት ዘመን ለዚህ መፍትሔ ያደረጉት ጠርሙሱን ማሳነስ ነበር፤ ብርቱውን ቢራ የፒንት ሲሶ በምትይዝ፣ ማለትም 190 ሚሊ ሊትር ገደማ በሆነች ትንሽ ጠርሙስ ይሸጡት ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው። 330 ሚሊ ሊትር ተራ ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ከመቶ 10 የሆነ ቢራ በትንሿ ጠርሙስ ሲቀርብ 19 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ዕቃው አነሰ እንጂ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ከሞላ ጎደል ተመጣጣኝ ነው። ቤልጂጎች በበኩላቸው የወይን ጠጅን ልማድ ተከትለው ብርቱውን ቢራ በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ያቀርባሉ። ያ ጠርሙስ በማዕድ ዙሪያ ለተቀመጡ ሰዎች እንዲከፋፈል የታሰበ ነው። ብቻውን የጨረሰው ሰው 75 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል፣ ማለትም ከአራት ተራ ቢራ በላይ ጠጥቷል።

ጠርሙሱ ወፍራም የሆነው፣ ቡሹም በሽቦ የታሰረው ለጌጥ አይደለም። ብዙዎቹ የቤልጂግ ቢራዎች ከታሸጉ በኋላ በጠርሙሱ ውስጥ ዳግም ይብላላሉ። ተራ ቢራ የራሱን ይዘት ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ጋዝ ሲሸከም፣ እነዚህ እስከ አራት ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ። የዚህ ጠርሙስ ዘመድ የሆነው የሻምፓኝ ጠርሙስ ከመኪና ጎማ ከሁለት እጥፍ በላይ ግፊት ችሎ ይቀመጣል። ይህን የሚችል ዕቃ ተለክቶና ተፈትኖ የተሠራ ነው፤ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አይደለም። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ዕቃን ከብርታት ጋር ማዛመድ ለእኛም አዲስ አይደለም። ጠላ በዋንጫና በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ የሚቀርበው በዘፈቀደ አይደለም፤ መጠጡ እየበረታ ሲሄድ ዕቃው እያነሰ ይሄዳል። አንድ ሰው ጠጅ ቤት ገብቶ ዕቃውን ሲያይ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳይነገረው ያውቃል። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ በስደት አገር ከጠፉን ነገሮች አንዱ ይህ ሳይጻፍ ይሠራ የነበረ ልኬት ነው። መለኪያና ብርሌ ቀርቶ ሁሉም ነገር በአንድ ተኩል ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሲቀርብ፣ ውሃው፣ ብርዙና አረቄው አንድ መልክ ይይዛሉ።

መለያው የዓረብኛ ጽሑፍ ለሆነበት አንባቢ ጥቂት ቃላትን መለየት ትልቅ እገዛ ያደርጋል። «ሸራብ ሸዒር» የሚለው የገብስ መጠጥ ማለት ነው። «ኻሊ ሚነል ኩሑል» ወይም «ቢዱን ኩሑል» ከተባለ አልኮል የለውም ማለት ነው። «ታሪኽ አል ኢንታጅ» የተመረተበት፣ «ታሪኽ አል ኢንቲሃእ» የሚያበቃበት ቀን ነው። «አል ሙከዊናት» ከሚለው ቃል በታች ይዘቱ ይዘረዘራል፤ «በለድ አል መንሸእ» ደግሞ ምርቱ የመጣበትን አገር ይገልጻል። በነገራችን ላይ «ኩሑል» የሚለው ቃል ከእኛው «ኩል» ጋር ዘመድ ነው። ዓረቦች ለዓይን መኳያ ደቃቅ ዱቄት የሰጡት «አል ኩሕል» የሚል ስም ወደ አውሮፓ ተሻግሮ መጀመሪያ ለማንኛውም ደቃቅና የተጣራ ነገር፣ በኋላም ለተጣራው መጠጥ መጠሪያ ሆነ። የአልኮል ስም ከእናቶቻችን የኩል ብልቃጥ ጋር መገናኘቱ የቋንቋ ጉዞ ነው።

ከቃሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁጥሩ ነው። በዓረብ አገር በስፋት በሚሠራበት የአኃዝ አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ እንደ ክብ ቀለበት ሆኖ የሚጻፈው አምስት ነው። ስለዚህ ለአማርኛ አንባቢ ዓይን ዜሮ የሚመስለው ክብ፣ 5 ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት በዋጋም፣ በማብቂያ ቀንም፣ በመቶኛም ላይ ያሳስታል። በመቶኛው ላይ ያለው ስሕተት በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ በጀርመንና በአሜሪካ ሕግ «አልኮል አልባ» የሚለው ስም እስከ ከመቶ 0.5 ድረስ ያለውን መጠጥ ሊያካትት ይችላል። ከሌላ አገር በሻንጣ የመጣ ጠርሙስ «አልኮል አልባ» የሚል ስለተጻፈበት ብቻ 0.0 ነው ማለት አይቻልም። ሶፊ ማልትና ማልታ ጊነስን የመሳሰሉትን የአገር ቤት የብቅል መጠጦች የለመደ ሰውም ቢሆን፣ እዚህ የሚገዛውን በዚህ አገር መለያ ማንበብ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ብርዝ ማር በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ ጠጅ የማይጠጣውም ሰው የሚጠጣው መጠጥ ነው፤ ቀሪቦም እንዲሁ በበዓል ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ቤት አይጠፋም። ሁለቱም አልኮል የሌላቸው ሆነው የሚቆዩት ግን ትኩስ እስከሆኑ ድረስ ነው። ያልፈላ ማር ውስጥ በተፈጥሮ እርሾ አለ፤ ማሩ ወፍራም ሳለ እርሾው አይሠራም፣ በውሃ ሲቀጥን ይነቃል። በሪያድ የበጋ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል፣ ይህ በፍጥነት ይከናወናል። እርሾ ከ100 ግራም ስኳር 51 ግራም ያህል አልኮልና 49 ግራም ያህል ጋዝ ያወጣል። በአንድ ተኩል ሊትር ፕላስቲክ ውስጥ 100 ግራም ስኳር ያለው ብርዝ ተረስቶ እስከ መጨረሻው ቢብላላ ከመቶ 4 በላይ አልኮል፣ ማለትም ከተራ ቢራ ብዙ የማይርቅ መጠጥ ይሆናል። ባለቤቱ «ብርዝ ነው» ቢልም በሕግ ፊት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አልኮል ነው።

ጋዙም አለ። 49 ግራም ጋዝ ከ25 ሊትር በላይ ቦታ የሚፈልግ ነው። ለስላሳ መጠጥ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ባለ አንድ ተኩል ሊትር ፕላስቲክ የሚሸከመው ስድስት ሊትር ገደማ ነው፤ የውሃ ፕላስቲክ ከዚያም የሳሳ ነው። ክዳኑ ተጠብቆ የተረሳ ብርዝ ፕላስቲኩን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ዕቃው ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ስባሪው ዓይንና ፊት ያቆስላል። ብርዝ መጠጣት የፈለገ ሰው በዕለቱ በጥብጦ በዕለቱ ይጠጣው፤ የተረፈውን ሳይከድን በማቀዝቀዣ ያኑረው እንጂ ለሳምንት አያስቀምጠው።

ሕጉን በተመለከተ ወሬ በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በሪያድ የዲፕሎማሲ ሰፈር ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች የተወሰነ መደብር መከፈቱ ከተዘገበ ወዲህ፣ «ተፈቅዷል» የሚል አነጋገር በሠራተኛው መካከል ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በርካታ ቦታዎች ሊፈቀድላቸው ነው የሚል ዜና ተሰራጭቶ በሳዑዲ በኩል ተስተባብሏል። በተራ ኢቃማ ለሚኖር ሠራተኛ የተለወጠ ነገር የለም። ማምረት፣ መሸጥ፣ መያዝም ሆነ መጠጣት እስራትን፣ መቀጮንና ከአገር መባረርን ሊያስከትል ይችላል።

በዚህ ረገድ የአደራ ዕቃ ብዙ ንጹሐንን ችግር ላይ ሊጥል የሚችል ነው። አገር ቤት ደርሶ ለሚመለስ ሰው «ይህችን ማር ለወንድሜ አድርስልኝ» ተብሎ በአሮጌ ጠርሙስ የታሸገ ነገር ይሰጠዋል። በጠርሙሱ ውስጥ ማር ይሁን፣ ጠጅ ይሁን፣ የበዓል አረቄ ይሁን መለያ የለውም። በንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው ሲፈተሽ የሚጠየቀው ላኪው ሳይሆን ተሸካሚው ነው። «የእኔ አይደለም» የሚለው ቃል ሻንጣው በስሙ ለተመዘገበ ሰው ብዙም አያወጣውም። ከፋብሪካ እንደታሸገ፣ መለያው ያልተነካ ዕቃ ካልሆነ በቀር አደራ አለመቀበል ነውር ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ዘመድን ማስቀየም ከሥራና ከነጻነት መለየትን ያህል አይከብድም።

ከሁሉም የከፋው አደጋ ግን ከጤና በኩል የሚመጣው ነው። በድብቅ የሚሸጥ መጠጥ ሜታኖል የተባለ፣ ለፋብሪካ ሥራና ለማሟሟቻ የሚያገለግል የአልኮል ዓይነት ሊቀላቀልበት ይችላል። ከእህል በወጉ የተጠመቀ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚገድለው ሻጩ ለማብዛትና ለማበርታት ብሎ የሚጨምረው የኢንዱስትሪ አልኮል ነው። በመልኩ፣ በሽታውና በጣዕሙ ከተለመደው አልኮል ለመለየት አይቻልም። በእሳት ለኩሶ የነበልባሉን ቀለም በማየት ይታወቃል የሚባለውም የሚያስተማምን አይደለም። 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ዓይን ሊያሳውር ይችላል፤ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ደግሞ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በጎረቤት ኩዌት በተመረዘ መጠጥ 160 ሰዎች መታመማቸውንና 23 መሞታቸውን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል፤ ሁሉም የውጭ ዜጎች ነበሩ።

የሜታኖል ክፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ጠጪው እንደ ሰከረ ሰው ሆኖ ይተኛል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ ከዚያም የዓይን መደብዘዝ ይመጣል። «በበረዶ ውስጥ የማይ ይመስለኛል» የሚል ሕመምተኛ አንዲት ሰዓት እንኳ ሊታለፍ አይገባውም። ብዙ ባልንጀሮች እዚህ ላይ ሕጉን ፈርተው «ተኝቶ ይለቀዋል» ይላሉ፤ የሚሞተውም በዚህ መዘግየት ነው። ሆስፒታል መርዙ እንዳይለወጥ የሚያግድ መድኃኒትና ደምን በመሣሪያ የማጣራት ሕክምና አለው፤ ይህ ሕክምና በጊዜ ከተገኘ ዓይንም ሕይወትም ይተርፋል። በሪያድ ለአምቡላንስ 997፣ ለአጠቃላይ ድንገተኛ አደጋ 911፣ ለጤና ምክር 937 መደወል ይቻላል። ዓረብኛ የሚያጥረው ደዋይ «ተሰሙም» የሚለውን ቃል፣ ማለትም መመረዝ፣ ከሰፈሩ ስም ጋር ቢናገር ይበቃል። የተጠጣበትን ዕቃ አለመጣል፣ ምን ያህል እንደተጠጣና በስንት ሰዓት እንደሆነ ለሐኪሙ መናገር፣ አብረው የጠጡ ሌሎች ካሉም ምንም ባይሰማቸው እንኳ አብረው እንዲመረመሩ ማድረግ ያስፈልጋል።